መምሬ የወደዷቸው የወሬ ፊልሞች

አባቴ ማንም የማይወደውን ፊልም ነበር የሚወዱት። ከተማችን መሐል ሜዳ መብራት ገብቶ ቪዲዮ ቤት የተከፈተ ጊዜ ሰዉ ሁሉ ካራቴውን ለማየት ይጋፋል፣ የህንዱን ዘፈን ቃሉን ሳያውቅ እያንጎራጎረ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እሳቸው ግን ልጆቹ «የወሬ ፊልም» እያሉ ጥለውት የሚወጡትን መርጠው ያያሉ። ድብድብ የለበት፣ ዘፈን የለበት፣ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያወራ ተጀምሮ ሲያወራ የሚያልቅ ፊልም። ደግሞ ቄስ ናቸው። መምሬ መርስዔ ኃዘን ማለት ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ መስቀላቸውን ይዘው፣ ማክሰኞ ማክሰኞ በጠራራ ፀሐይ ቪዲዮ ቤት የሚገቡ ሰው ነበሩ።

እራት ላይ ያዩትን ይነግሩናል። «ሁለት ሽማግሌዎች ጀልባ ሲጠግኑ ነው» አሉን አንድ ቀን። «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጀልባ ሲጠግኑ። ልጆቹ ተሳድበው ወጡ። ምን ያውቃሉ! አንደኛው ሽማግሌ ለሌላው መዶሻ ሲያቀብል ዓይኑን ቀና አያደርግም። የበደለው ነገር አለ። ሊነግረው ይፈልጋል፣ አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋዋል። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ደግ ፊልም አላየሁም።»

«በምን ቋንቋ ነው የሚያወሩት?» አለቻቸው እናቴ።

«በቃኝ፣ ጠግቤያለሁ» አሉና እጃቸውን ከገበታው ሰበሰቡ።

ያን ሰሞን እንዲህ ነበሩ። ሲጠየቁ ሌላ ይመልሳሉ፣ ወይም ጭራሽ አይመልሱም። «ልባቸው እዚህ የለም» ትል ነበር እናቴ ለራሷ። እኔም ልባቸው የት እንዳለ ለማወቅ ቆርጬ ተነሣሁ። ዐሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ተጠራጣሪ ሆኜ ነው የተፈጠርኩት፤ ዛሬም ባለቤቴ ስልኩን ገልብጦ ካስቀመጠ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ወሰንየለሽ የምትባል ከደብረ ብርሃን የመጣች ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባት፣ አንዲት ልጇን ይዛ፣ ቴሌቪዥንና ማጫወቻ በአውቶቡስ አስጭና መጥታ ከገበያው በላይ ቤት ተከራየች። ረጅም ናት፤ ፀጉሯን አትሸፍንም፤ ስትስቅ አፏን በእጇ አትከልልም። የአባቴ ልብ እዚያ ለመሆኑ ይኸ ለእኔ በቂ ማስረጃ ነበር።

ነገሩ እውነት ሆኖ የታየኝ ግን እትዬ ጠጄ እኛ ቤት የበግ ጠጉር ልትፈትል የመጣች ቀን ነው። እትዬ ጠጄ ጎረቤታችን ናት፤ ባሏ ጋሽ ኃይለመስቀል የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ነበር። እንዝርቷን እያሾረች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ትልልቅ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ የእኔ ጆሮ ይበልጥ እንደሚከፈት አታውቅም።

«እኔ ምለው አመተሥላሴ፣ መምሬን ምን ነካቸው?»

«ምን አደረጉ?» አለች እናቴ።

«ንስሐ ልገባ ቀርቤ፣ እንደ ወጉ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ጎንበስ ብዬ ልናገር ስል ‹ነጠላሽን ከአፍሽ አውርጂ፣ ቀና ብለሽ እዪኝ› አሉኝ። እኔን! የልጆች እናቷን! ከዚያ ዓይናቸውን ከንፈሬ ላይ ተክለው ቁጭ አሉልሽ። ላቤ ነው የመጣ።»

የእናቴ እንዝርት ቆመ።

«እኔን ብቻ መስሎኝ ነበር። ሴቱን ሁሉ ነው ለካ። ደግሞ ለአንዲት ሐሜት የስግደት መዓት አሸከሙኝ። ወገቤ እስካሁን አልተቃናም። ያ ቪዲዮ ነው ያበላሻቸው። ሴቱ እዚያ ፊቱን ገልጦ ሲንቀሳቀስ እያዩ እኛንም እንደዚያ ሊያዩን ያምራቸዋል።»

የኛን አገር ብርድ ያየ ይፈርዳል። ወንዱ ጋቢውን፣ ሴቱ ነጠላውን እስከ አፍንጫው ካልጠቀለለ ጠዋት ከቤት አይወጣም። በካህን ፊት ደግሞ አፍን መሸፈን አክብሮት ነው፤ በባዶ አፍ ኃጢአቱን የሚናገር ሰው እንደ ደፋር ይቆጠራል። አባባ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። አውቀው ነው እንግዲህ አውርጂ የሚሉት። እናቴ ያን ቀን ሌላ አንድ ክር አልፈተለችም።

የቄስ ቤት ልጅ ስለሆንኩ አንድ ነገር ከፊደል በፊት አውቄያለሁ፤ ቄስ ከሚስቱ ሌላ ከነካ ክህነቱ ይፈርሳል። ጥምጥሙ ይወርዳል፣ መስቀሉን ማንም አይሳለምም፣ ከመቅደሱ ወጥቶ ከሕዝቡ ጋር ይቆማል። አባባ ያለ ጥምጥም ከደጅ ቆመው በሐሳቤ ይታዩኛል። ስለዚህ ሰው ሳያውቅ እኔ ማወቅ አለብኝ አልኩ። ካወቅሁ በኋላ ምን እንደማደርግ አላሰብኩትም።

የወሰንየለሽ ልጅ እስከዳር የክፍል ጓደኛዬ ነበረች። ከዚያ በፊት ቀርቤያት አላውቅም፤ አሁን ግን ቆሎዬን አካፍላት ጀመር።

«ቪዲዮ ቤታችሁ ዛሬ ምን ያሳያል?» አልኳት።

«ተበላሽቷል። ዘግተነዋል» አለች። «ከአዲስ አበባ ዕቃ እስኪመጣ።»

«መቼ ነው የተበላሸ?»

«ውይ፣ ከመስቀል በፊት።»

ታኅሣሥ ውስጥ ነበርን። ቪዲዮ ቤቱ ከመስቀል በፊት ተበላሽቷል፤ አባባ ባለፈው ማክሰኞም እዚያ ነበሩ። የተበላሸ ቪዲዮ ምን ያሳያል?

አሁንም ግን በአንድ ነገር አልፈርድም ብዬ ሌላ ማስረጃ ፈለግሁ። ወሰንየለሽ ከቴሌቪዥን በካሴት የተቀዳ የአማርኛ ድራማ ነበራት። የአንድ ባለወፍጮ ቤተሰብ ታሪክ ነው፤ ወፍጮ ቤታቸው ይቃጠላል፣ ማን እንዳቃጠለው ይፈለጋል። ከተማው በክረምቱ አይቶ ጨርሶት ነበር፤ ብዙም አልወደደውም፤ እንደኔ ቪዲዮ ቤት እንዳይገባ የተከለከለ ልጅ ብቻ ነው የቀረ። አባባ በዚያ ሳምንት እራት ላይ ይህንኑ ድራማ አነሡ።

«ሰዉ ናቀው እንጂ ጥሩ ነው» አሉ። «ባለወፍጮው ሞኝ ነው፣ እሱን ተዉት። ሾፌሩ ግን እንዴት ያለ ምስኪን መሰላችሁ! ወፍጮ ቤቱ ሲነድ ያለቅሳል። ያቃጠለችው ሚስትየዋ ናት። እሳቱን ስታይ ዓይኗ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ባሏን ቀና ብላ አታየውም። በደለኛ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

በነጋታው ወፍጮ ቤቱን ማን እንዳቃጠለው እስከዳርን ጠየቅኋት።

«ሾፌሩ ነዋ!» አለች። «ራሱ ይናገር የለ! ባለወፍጮው እግር ላይ ወድቆ ‹እኔ ነኝ ያቃጠልኩት፣ ይማሩኝ ጌታዬ› ብሎ ያለቅሳል። ማን ነው ያቃጠለ ያሉሽ?»

ራሱ ጮኾ የተናገረውን ሰው «ምስኪን» የሚሉት ድራማውን ስላላዩት ነው። ካላዩት ደግሞ በዚያ በተዘጋ ቤት ማክሰኞ ማክሰኞ ሌላ ነገር ነው የሚያደርጉት። ወሬውን ከሰው ለቃቅመው፣ እራት ላይ የሚያወሩልን ለሽፋን ነው። ዳኛ ብሆን በዚያው ቀን እፈርድባቸው ነበር።

ያንን ድራማ ካደግሁ በኋላ አንድ ዘመዳችን ቤት አገኘሁት። የሚስትየዋ ዓይን እውነትም ወዲያ ወዲህ ይላል። ተዋናይዋ ቃሏን ረስታ ከካሜራው ጀርባ የሚያስታውሳትን ሰው እየፈለገች ነው።

በዚያው ሳምንት ጋሽ ኃይለመስቀል ቤታችን መጣ። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ከእሳቱ ራቅ ብሎ ተቀመጠና ከባድ ነገር እንደሚነገርበት ወግ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። እኔ ጓዳ በር ላይ ነኝ።

«መምሬ፣ ነገሩ ሰው አፍ ገብቷል። ከሴትዮዋ ቤት እግርዎን ያንሡ ብለን መምከር ይገባናል። እምቢ ካሉ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በጉባኤው ፊት ይጠየቃሉ። ከዚያ ወዲያ ወደ ቤተ ክህነት ነው፤ ክህነትዎ ነው የሚሄድ። ምን ይላሉ?»

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፊታቸው ፈካ አለ። «እግዚአብሔር ያክብርልኝ ኃይሌ» አሉ። «ይሁን። ምን ገዶኝ። እናንተም አትጥፉ።»

ጋሽ ኃይለመስቀል ብድግ አለ። «እንዲህም ዓይን ማውጣት አለ!» ብሎ የቀረበለትን ጠላ ሳይነካ ወጣ። አባባ እስከ ደጅ ሸኙት። ሰው እንዴት ክህነቱ ሲሄድ ይስቃል? ዛሬ ሳስበው አባባ ሰውዬው ለማኅበር ሊጠራቸው የመጣ ነው የመሰላቸው።

እናቴ እሑድን አልጠበቀችም። ማክሰኞ፣ አባባ ከወጡ ጥቂት ቆይታ ነጠላዋን አጣፋች፣ አፏን ሸፈነች፣ «ተነሺ» አለችኝ። ለምን እኔን እንዳስከተለች እስካሁን አላውቅም። ምስክር ፈልጋ ይሆናል። መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል አልተናገረችም። እኔ ወሰንየለሽን ፀጉሯን ይዛ ስትጎትታት እያየሁ ነበር የምሄደው፤ በአንድ በኩል ደስ ይለኛል፣ በሌላ በኩል ማልቀስ አማረኝ።

የቪዲዮ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። እናቴ በአንድ እጇ ገፋችው። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፤ አግዳሚ ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። ፊት ለፊት አባባ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ አንገታቸውን አስግገው። ቴሌቪዥኑ ይሠራል። አንዲት ነጭ ሴት መናፈሻ ውስጥ ተቀምጣ አጠገቧ ለተቀመጠ ሰው ታወራለች። ታወራለች እንጂ ድምፅ የለም። ከመጋረጃው ኋላ የዝንብ ድምፅ ይሰማል፣ ከሴትዮዋ ግን ምንም።

«መምሬ» አለች እናቴ ከኋላቸው።

አልዞሩም።

«መምሬ!»

አልዞሩም። ጥፋተኛ ሰው እንደዚህ ነው፣ የማይሰማ ይመስላል አልኩ በልቤ።

«መርስዔ!» አለች እናቴ። ባሏን በባዶ ስማቸው ስትጠራ ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። አሁንም አልዞሩም።

ወሰንየለሽ ከጓሮ ገባች። ልብስ ታጥብ ኖሮ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነው። እኛን አይታ አልደነገጠችም፤ ስትጠብቀን እንደከረመች ሁሉ ትከሻዋ ወረደ።

«አትልፊ እታለም፣ አይሰሙሽም» አለቻት።

«ምን አልሽ?»

«ስፒከሩ ተቃጠለብኝ። የተቃጠለ ቀን ሰዉ ሁሉ ጮኾ፣ ሰድቦኝ ወጣ። መምሬ ብቻ ቀሩ። ድምፅ የሌለውን ፊልም እስኪያልቅ አይተው፣ መርቀውኝ፣ ‹የዛሬው ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል› ብለውኝ ሄዱ። በሚቀጥለውም መጡ። ድምፁ ከሄደ ወራት አለፈው፤ አንድ ቀን እንኳ ድምፁስ አላሉኝም።» እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ምን ልበላቸው? ለማንስ ልናገር? የነፍስ አባት ናቸው። አይሰሙም ቢባል ምን ይበላሉ?»

እናቴ አግዳሚዎቹን አልፋ ሄደችና አጠገባቸው ተቀመጠች። አባባ ክው ብለው ብድግ ሊሉ ሲሉ ክንዳቸውን ያዘች። ነጠላዋን ከአፏ አውርዳ አገጭዋ ስር አደረገች። እኔ ስድብ ጠብቄ ነበር።

«ጆሮዎ ከሄደ ስንት ጊዜ ሆነው?» አለቻቸው፣ እያንዳንዱን ቃል እየለየች።

አባባ ከንፈሯን አዩ። ከዚያ ዓይናቸው መሬት ወረደ። «ያ ትኩሳት ካመመኝ ወዲህ» አሉ። «መጀመሪያ ግራው፣ ቀጥሎ ቀኙ። አሁን ሰው ሲጮኽ ከሩቅ እንደሚጮኽ ነው የሚሰማኝ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ለእሑድ ቄስ ሆኜ እቆማለሁ? የማይሰማ የነፍስ አባት አይተሽ ታውቂያለሽ? ጠበል ልረጭ እዚህ የመጣሁ ቀን ፊልም ከፍታ ነበር። ቋንቋውን ማንም አያውቀውም፤ እኔ ግን የሰውዬው ልብ ገባኝ። እዚህ ቤት ከማንም አላንስም። እንግዲያ ፊት ማንበብ ብማር ሕዝቤን ሳልጥል እኖራለሁ አልኩ። ሴቶቹን ነጠላ አውርዱ ያልኩ ለዚህ ነው።»

«እነሱ ሌላ ነው የሚሉ» አለች እናቴ። «ከወሰንየለሽ ጋር ነው የሚሉዎት። አገሩ ሁሉ ነው የሚል። ኃይለመስቀል ቤታችን የመጣው ለዚሁ ነው።»

አስደገሟት። ሲገባቸው ወሰንየለሽን አዩ፣ እናቴን አዩ፤ ሣቅ የመሰለ ነገር ፊታቸው ላይ መጥቶ ተመለሰ።

«በመንገድ ሳልፍ ሁሉም ወደኔ እያየ በጋቢው ውስጥ የሚያወራ…» አሉ። «እያሙኝ ነው እንዴ? እኔኮ ሰላም የሚሉኝ መስሎኝ ነው። ‹እግዚአብሔር ይባርክህ፣ ይባርክሽ› እያልኩ አይደለም የከረምኩት!»

እናቴ አለቀሰች። ወሰንየለሽ ፊቷን አዞረች። እኔ ግን አልተረታሁም። የያዝኩት ማስረጃ አለ፤ ሄጄ ፊታቸው ቆምኩና ጮኽኩባቸው።

«ድራማውን አላዩትም! ሚስትየዋ አይደለችም! ሾፌሩ ነው ያቃጠለው! በአፉ ‹እኔ ነኝ› ብሏል!»

አባባ ወደ እናቴ ዞሩ። እናቴ ደገመችላቸው። ለምን እንደምንነግራቸው ግን አልገባትም ነበር።

«በአፉ ተናገረ?» አሉ።

«አዎ» አለች ወሰንየለሽም ራሷን እየነቀነቀች። «የባለወፍጮው እግር ላይ ወድቆ።»

አባባ ጥምጥማቸውን በእጃቸው ደገፉ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ስለ ሐሜቱ ሲነገራቸው እንዲያ አልሆኑም፤ ስለ ክህነታቸውም እንዲያ አልሆኑም። «እኔ በሚስትየዋ ፈረድኩባት» አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ «እንግዲያ ጠጄንስ? ዓይኗ ወዲያ ወዲህ ሲል ትልቅ ነገር የደበቀች መስሎኝ ያን ሁሉ ስግደት… አምላኬ፣ ስንቱን በድያለሁ?» አሉ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያቺ ነጭ ሴት አሁንም ታወራለች። ማንም አላያትም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤው እስኪጠይቃቸው አልጠበቁም። ሕዝቡ ደጀ ሰላሙ ላይ እንደተሰበሰበ ፊት ቆመው ተናገሩ። ድምፃቸው ከልኩ በላይ ይጮኽ ነበር፤ አሁን ሳስበው ከወራት በፊትም እንደዚያ ይጮኹ ነበር፣ እኛ የቁጣ መስሎን።

«ጆሮዬ ሄዷል» አሉ። «የነገራችሁኝን ሳልሰማ ይፍታህ ያልኩት አለ። ያልነገራችሁኝን ደግሞ ያወቅሁ መስሎኝ የፈረድኩበት አለ። የባሰው እሱ ነው። ይቅር በሉኝ። ለቅዳሴው እግዚአብሔር እስከፈቀደ እቆማለሁ። ለነፍሳችሁ ግን ከዛሬ ጀምሮ የሚሰማ አባት ፈልጉ።»

ጋሽ ኃይለመስቀል መጀመሪያ ቀረበ። የጠዋቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ጋቢውን ከአፉ ላይ እስከ ደረቱ አወረደና «ይቅር ይበሉኝ አባቴ» አለ፣ ከንፈሩ እንዲታያቸው ቃሉን እየጎተተ። መስቀሉን ተሳለመ። ከኋላው ያሉት ሴቶች አንድ ሁለቱ ነጠላቸውን ዝቅ አደረጉ። ሌሎቹ አላደረጉም። እኔም አባባ አጠገብ ቆሜ ያልገለጡትን አንድ በአንድ እያየሁ ነበር፤ በቃ፣ ተፈጥሮዬ ነው።

እትዬ ጠጄ ሳትሳለም አለፈች። ነጠላዋ እስከ ዓይኗ ነው። ሦስት እርምጃ ሳትርቅ ለአጠገቧ ሴት፣ «ወገቤን የቆረጠኝ ደንቆሮ ነው እንግዲህ! ቢደፋ ምን አለበት!» ስትል ጥርት አድርጌ ሰማሁ።

አባባ ስትናገር ትከሻዋ ሲንቀሳቀስ አይተዋል። ወደኔ ጎንበስ አሉ።

«ጠጄ ምን አለች?»

ነጠላዬን ከአፌ አወረድኩ። እንዲታያቸው ቀና ብዬ፣ ቃሉን እንደ እናቴ እየለየሁ፣

«‹እግዚአብሔር ያጽናዎት› አለች» አልኳቸው።

ፊቴን አዩት። ከንፈሬን ብቻ አይደለም፤ ዓይኔን፣ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ ያ ማንም የማይወደው ፊልም ሲመጣ እንደሚያዩት አድርገው ቀስ ብለው አዩት። ወዲያ ወዲህ እንዳይል ዓይኔን አጽንቼ ያዝኩ።

ከዚያ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ» አሉኝ።